ቅዳሜ ጠዋት ኪጋሊ፣ ሩዋንዳ

ዛሬ ጠዋት ቡና ፍለጋ ብወጣ ሱቁ ሁሉ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ መፈንቅለ መንግሥት ምናምን መስሎኝ ደነገጥኩ እኮ ሃሃሃ። ለካ በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ኡሙጋንዳ የሚሉት ነገር አላቸው፣ በኛ ሰዓት ከ2 እስከ 5 ሰዉ ወጥቶ ሰፈሩን ያጸዳል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ከዛ ደሞ ስብሰባ። ያረፍኩበት ቤት ዘበኛ መጥረጊያ አቀበለኝና እኔም ገባሁበት፣ የኛ ደቦ በሉት፣ ግን ይሄ ግዴታ ነው ጠላም የለውም።

ከሰዓት በሞተር ታክሲ (ሄልሜት ለተሳፋሪም ይሰጣል) ጊሶዚ የሚባል ሰፈር ያለው የዘር ማጥፋት መታሰቢያ ሄድኩ። ከ250,000 በላይ ሰው እዛ ተቀብሯል። የህጻናቱ ክፍል ፎቷቸው ስር የሚወዱት ምግብ ምናምን ተጽፏል፣ እሱ ጋ ስደርስ አልቻልኩም ወጣሁ። ቤልጂየሞች ባስጀመሩት መታወቂያ ላይ ሁቱ ቱትሲ ተብሎ ይጻፍ ነበር፣ በፈረንጅ 1994 ጽንፈኛ ሁቱዎች በየኬላው መታወቂያ እያዩ ነው ቱትሲዎቹን የገደሏቸው። አሁን መታወቂያቸው ላይ ብሄር የለም። ይሄን ሳነብ የራሴን መታወቂያ አስቤ ዝም አልኩ።

የምትመጡ ካላችሁ ፌስታል እንዳትይዙ፣ በፈረንጅ ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው፣ እኔ ጫማዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው የመጣሁት።