ነገ ስምንተኛ ቀኑ ነው

ልጄ ዛሬ ሰባት ቀኑ። ቤቱ ገንፎና ቅቤ ይሸታል። እናቴ ከዘጌ በጀልባ መጥታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካለችኝ በኋላ ወዲያው የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ «ገራዡን ማን ይጠራል?»

ባሌ ቡና እየቆላ ነበር። «እማማ፣ ሲያድግ ራሱ ቢወስንስ?» አላት። ቀና ብላም አላየችው። «አንተን ሲገርዙህ ማን ጠየቀህ ልጄ?»

ቡናው አረረ። የዘጌ ቡና! (ይሄ ራሱ ንስሐ ያስፈልገዋል።)

በዚህ አላበቃም፤ ስልኩን ይዞ ዐፄ ገላውዴዎስን ጠራብን። ንጉሡ በ1555 እ.ኤ.አ. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ የምንገረዘው እንደ አይሁድ ሕግ ሳይሆን እንደ አገር ልማድ ነው፣ ፊት እንደ መብጣት ያለ ነው ብለዋል። እውነቱን ነው፣ ብለዋል። እናቴ ግን «ታዲያ ልማዳችን ነው አሉ እንጂ መቼ ተዉት አሉ? ጥር 6 የጌታን ግዝረት ለምንድን ነው የምናከብረው?» አለችው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት! ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ስስቅ ስፌቴ አመመኝ።

በክርስትናው አልተጣላንም። በ40 ቀኑ ጊዮርጊስ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሃይማኖቱ ይልቅ የፈራሁት ምላጩን ነው። ሐኪም ቤት፣ በማደንዘዣ ከሆነ እሺ አልኩ። እናቴ ትንሽ አሰበችና «በሐኪም ይሁን፤ ቀኑ ግን አይለፍ» አለች።

ባሌ ምንም ሳይል ወደ ጣና ዳር ወጣ። ሲመሽ ዳይፐር ገዝቶ ተመለሰ፤ ለሁለት ዓመት ልጅ የሚሆን።