ጃስሞኔት በባቄላ ላይ፦ ሦስተኛው ዙር፣ ደብረ ብርሃን

በሦስተኛው ዙር ጃስሞኔት የተባለው የተክል ሆርሞን የተረጨበትና ያልተረጨበት ባቄላ ተለያዩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ለቆሻሻ ነው የሄዱት።

ሆርሞኑን ባጭሩ፦ የጃስሞኔቶች መሠረት የሆነው ጃስሞኒክ አሲድ ከቅባት ይሠራል። ቅጠል ሲቀደድ ወይም ትል ሲበላው ከክሎሮፕላስት (የቅጠሉ ሴል አረንጓዴ ክፍል) ሽፋን 18 ካርቦን ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ ይለቀቃል፤ ተቆራርጦ 12 ካርቦን ያለው ጃስሞኒክ አሲድ ይሆናል። ይህ አይሶሉሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር ሲጣመር ጃዝ የሚባሉትን አፋኝ ፕሮቲኖች ያስወግዳል፤ የመከላከያ ጂኖችም ይነቃሉ። ሆርሞኑ የደረሰው ተክል የሚያጥረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ራስ ምታቱ አበጣበጡ ነው። የምንረጨው ሜቲል ጃስሞኔት (የጃስሞኒክ አሲድ ተለዋጭ) ዘይት ስለሆነ ውሃ ውስጥ በቀጥታ ጠብ ከተደረገ የዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንዱ ችግኝ ተራ ውሃ ይደርሰዋል፣ ሌላው ይቃጠላል። በባለ 100 ዩኒት የኢንሱሊን መርፌ ከዘይቱ 22 ዩኒት፣ ማለትም 0.22 ሚሊ ሊትር ይቅዱ። በብርጭቆ ብልቃጥ ኢታኖል ጨምረው 10 ሚሊ ሊትር ያድርሱት፤ ፕላስቲክ ዘይቱን ይመጠዋል። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ 100 ማይክሮ ሞላር (የሆርሞኑ ጥንካሬ መለኪያ) ይሆናል። ትዊን 20 የተባለው ማጣበቂያ ሳሙና መሰል ፈሳሽ ግማሽ ሚሊ ሊትር ካልገባበት ጠብታው ከቅጠሉ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ማነጻጸሪያው፣ ማለትም ሆርሞን የማይደርሰው ባቄላ፣ ላይ ያው ኢታኖልና ትዊን ይረጭ፤ ተራ ውሃ ከረጩ የለኩት ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ሁለተኛውን ዙር ያበላሸው የሜቲል ጃስሞኔቱ ትነት ነው። ተመራማሪዎቹ ፋርመርና ራያን በ1990 (እ.ኤ.አ.) የአሪቲ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ከቲማቲም ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ሲዘጋ፣ ቲማቲሙ ሳይነካ ከቁጥቋጦው በሚተነው ሜቲል ጃስሞኔት ብቻ የመከላከያ ፕሮቲን እንደሚሠራ አሳይተዋል። ይህን እያወቅን ውርጭ ፈርተን ሁለቱንም ባቄላ አንድ ላስቲክ ቤት አስገባን! አሁን ክፍላቸው ለየብቻ ነው፤ መጀመሪያ የሚረጨውም ማነጻጸሪያው ነው። ችግኙን በየቀኑ እየዳሰሱ በማስመሪያ መለካትም ይቅር፤ መዳሰስ ራሱ ሆርሞኑን ይቀሰቅሳል።

«ጠንከር ይበል» እያሉ 1 ሚሊ ሞላር፣ የእኛን አሥር እጥፍ፣ የሚረጩ አሉ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ማዳበሪያ ይጨምራሉ፤ ቢጫው ግን ከመጠን ያለፈው ሆርሞን ያመጣው እርጅና ነው።

ጃስሞኔትን የውርጭ መድኃኒት ነው ብሎ መናገርም ችኮላ ነው። አራቢዶፕሲስ በተባለው ትንሽ የቤተ ሙከራ ተክል ላይ አስቀድሞ መርጨት ብርድን መቋቋም ጨምሯል፤ ከቤተ ሙከራ ትሪ እዚሁ ደብረ ብርሃን ዙሪያ እስካለው የባሶና ወራና ወረዳ ማሳ ግን ሩቅ ነው። ዋግ የገባበት ባቄላ ላይ እኛ አንረጭም፦ ዋግ በሕያው ሴል ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው፣ እሱን የሚከላከለው በዋናነት የሌላ የተክል ሆርሞን፣ የሳሊሲሊክ አሲድ፣ መንገድ ነው፣ ጃስሞኔት ደግሞ ያንን መንገድ ሊያፍን ይችላል። ሴል ገድሎ በሚበላ ፈንገስ የሚመጣው የባቄላ በሽታ፣ ቸኮሌት ስፖት፣ ላይ መሞከር ይሻላል፤ አራተኛው ዙር እሱ ነው።