ፌሮ፣ ሲሚንቶ እና የፈረንሳዩ ጀልባ

ጥፋቱ የአንተ ነው ይሉኛል። እኔ እስከ ዛሬ የስቶር ኪፐሩ ነው እላለሁ። የዕቃ መጠየቂያው ላይ «ፌሮ ሲሚንቶ» ብዬ ጻፍኩ፤ በመሃል ትንሽ ክፍተት ትቼ። በማግስቱ ሳይት ስደርስ ባለ 12 ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ አንድ ሲኖትራክ ሙሉ ጠጠር ተራግፎ ጠበቀኝ። የዶሮ ሽቦ የሚባል ነገር የለም።

«ጠጠሩን ማን አዘዘ?»

«ፌሮና ሲሚንቶ ካለ ጠጠር ይቀራል እንዴ ኢንጂነር?»

ምን ልበለው? ፌሮሲሚንቶ አንድ ቃል ነው፤ በሽቦ መረብ ላይ የሚለሰን ቀጭን የሲሚንቶ ግድግዳ ማለት ነው፣ ጠጠር የሚባል ነገር አይገባበትም።

ሥራው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ያለ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት የልጆቹን ጥርስ አበልዞታል፤ ስምጥ ሸለቆ ለኖረ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ለመጠጥ የሚሆን የጣሪያ ውሃ የሚይዝ 10 ሺህ ሊትር ገደማ ታንከር ተፈለገ። ክብ፣ ወርዱ 2 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ግድግዳው 4 ሳንቲ ሜትር።

4 ሳንቲ ስል ዋናው ግንበኛ፣ የሁላችንም ጋሼ፣ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ትንሽ ከፍተው አዩ።

«ይቺ ናት ውሃ የምትይዘው?»

«ክብ ስለሆነ ውሃው ከሁሉም ጎን እኩል ነው የሚገፋው ጋሼ። ግድግዳውን ይወጥረዋል እንጂ አያጎብጠውም። ውጥረቱን ደግሞ ሽቦው ይችለዋል።»

እዚያ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነው፣ አፌ አላረፈም። «ላምቦ የሚባል ፈረንሳዊ በ1848 እ.ኤ.አ. በሽቦና በሲሚንቶ ጀልባ ሠርቷል። አጤ ቴዎድሮስ በነገሡበት በ1855 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ አሳይቷታል። ዛሬም ፈረንሳይ ሙዚየም ውስጥ አለች።»

ጋሼ ሠራተኞቹን ዞረው አዩ። በአገጫቸው ወደ ሐይቁ አመለከቱ።

«ሐይቁ እኮ እዚሁ ነው። ጨርሰን እናንሳፍፋት።»

ሳይቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ አንጀቴ እያረረ።

ሽቦው ሲመጣ ባለ 6 ፌሮ በክብ ታስሮ እንደ ቅርጫት ቆመ፤ በውስጥም በውጭም የዶሮ ሽቦ ተጠቀለለበት። አንድ ጠዋት አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ አናቱ ላይ ቆሞ አገኘነው። ከዚያ በኋላ ታንከሩን ማንም ታንከር ብሎ አልጠራውም።

ልስኑ ላይ ግን አፌን ዘጋሁ። አንድ ሲሚንቶ በሦስት አሸዋ፣ ውሃው ቆጠብ ያለ። ረዳታቸው ከውጭ ጣውላ ደግፎ ይይዛል፣ ጋሼ ከውስጥ በማንኪያ ይጫናሉ። ጣውላው ሲነሳ ልስኑ በሽቦው ዓይን ሁሉ አልፎ ወጥቷል። በማግስቱ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ እያደረጉ ጆሯቸውን አስጠግተው ዞሩት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ይሄ ይዘፍናል፤ ይነሳ።» ተነሳ፣ ውስጡ ባዶ ነበር። ይህን የትኛውም መምህር አላስተማረኝም።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። «7 ቀን እርጥብ ጆንያ ይልበስ፣ በቀን 3 ጊዜ ውሃ ይጠጣ» ብዬ አዘዝኩ። እሑድ እኔ አሞራ ገደል ዓሣ ስበላ ዋልኩ። ዘበኛው ያጠጣዋል ብዬ ነው። ለዘበኛው የነገረው ሰው የለም። ሰኞ ጆንያው ቋንጣ ሆኗል።

ታንከሩ ሲሞላ የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ጎን የእንጀራ ያህል ስፋት አላበው። ጋሼ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ኢንጂነር፣ የፈረንሳዩም እንዲህ ያልበው ነበር?»

ውሃውን ደፍተን ውስጡን በቀጭን ሲሚንቶ ሁለት ጊዜ ቀባነው፤ ያዘ። ሪፖርቱ ላይ «ከባድ የፀሐይ ሙቀት» ብዬ ጻፍኩ። ጠጠሩ የግቢው መኪና ማቆሚያ ላይ ተነጠፈ፤ ቢሮ ውስጥ ግን አሁንም ያነሱብኛል።

ባለፈው ሞቢል አካባቢ አንድ ሳይት በር ላይ ጋሼን አየኋቸው። ለአንድ ባለቤት እያስረዱ ነው። «ላምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር» ይላሉ፣ «ጀልባ በሲሚንቶ! እኛም እዚህ ሐይቅ ላይ አንሳፍፈን አይተናል።» ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። አልደነገጡም።

«ይኸው ኢንጂነሩም ነበር፤ ይጠይቁት።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። በጭንቅላቴ አዎ አልኩ።