ለክፍል 14 ስል

11ኛ ሳምንቴን ጨረስኩ። በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። ለሯጮቹ ምንም ላይሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ባንክ ተቀምጣ ብር ስትቆጥር ለምትውል ሰው ግን ተአምር ነው።

ያለፈውን ቶሎ ልለፈው። ጂም የ3 ወር ከፍዬ 6 ቀን ሄድኩ። ንጋት 11 ሰዓት ተነስቶ መሮጥ ሞከርኩ፤ ያተረፍኩት አላርም በእንቅልፍ ልብ ማጥፋት ነው። ገመድ ዝላይ ስጀምር ደግሞ ከታች ያለችው ተከራይ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት አንኳኳችብኝ።

እኔን ከቤት ያስወጣኝ ትረካ ነው። የተተረከ ልቦለድ ስልኬ ላይ አወርዳለሁ፤ የምሰማው ግን ጫማዬን አስሬ ስወጣ ብቻ ነው። ወጥ እየሠሩ መስማት የለም። ባጃጅ ውስጥም የለም። ከሥራ ስወጣ ሐዋሳ ላይ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ እነሳና የውሃውን ዳር ይዤ እሄዳለሁ። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ ታሪኩም ይጦዛል። ኢርፎኑን አንድ ጆሮዬ ላይ ብቻ ነው የማደርገው፤ የሐዋሳን ባጃጅና ብስክሌት የሚያውቅ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ኑዛዜ። በአራተኛው ሳምንት ክፍል 9 በር ሲንኳኳ አለቀ። ማን እንዳንኳኳ አልተነገረኝም። እንዴት ይተኛል? አልጋዬ ላይ ሆኜ 3 ክፍል አከታትዬ ሰማሁ። ከዚያ 4 ቀን ሙሉ አልወጣሁም። ሐይቁ ዳር የሚጠብቀኝ ነገር አልነበረማ!

መፍትሔው ታናሽ ወንድሜ ሆነ። ፋይሎቹን በሙሉ ለእሱ ሰጥቼ ከስልኬ አጠፋሁ። የሐይቁን ፎቶ ስልክለት አንድ ክፍል በቴሌግራም ይልክልኛል። አንድ ቀን ሰንፌ የድሮ ፎቶ ላክሁ። «አንቺ፣ እዚህ ዶፍ እየወረደ ነው፤ ፎቶሽ ላይ ፀሐይ አለ» ብሎ መለሰልኝ። የዚያን ቀን ክፍል ቀረብኝ። አሁን ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነን።

ጂም ውስጥ የነበረው አሠልጣኝ «ካላመመሽ አልሠራሽም» ይል ነበር። እኔ አልስማማም። ያመመኝን ነገር ለምን ነገ እመለስበታለሁ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። መካከለኛ ማለት ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን ሲያቅታችሁ ነው። የእኔ 4 ጊዜ 40፣ 160 ይመጣል። እሱ ድርጅት በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራም ይጨመር ይላል፤ እሱን አልሠራም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አትስሙኝ።

ሌላም የማይሠራ ነገር አለ። ታቦር ተራራ ላይ ትረካ አይሆንም። ዳገቱ ላይ ከተራኪው የእኔ ትንፋሽ ይበልጣል። እዚያ ከጓደኛ ጋር ውጡ፤ ሐሜቱን ለቁልቁለቱ አቆዩት። ኪሎ ቀነስሽ ወይ ለምትሉኝ፣ አልቀነስኩም። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ድረስ ሄጄ የዓሣ ሾርባ በዳቦ እበላለሁ፤ ዓሣ ከሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ ከአባ ኮዳዎቹ እኩል ነው የምሰለፈው። ባለፈው ሙዝ ይዤ ሄጄ ጦጣ ከእጄ ቀማችኝ። እሱን ብቻ ነው የቀነስኩት።

ትናንት ክፍል 14 ሳያልቅ ቤቴ ደረስኩ። 4 ደቂቃ ይቀረዋል። አጥሩን አንዴ ዞርኩት፣ ደገምኩት። የሰፈራችን ዘበኛ «ልጄ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ። አፍሬ «ቁልፍ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ባትሪያቸውን አብርተው፣ አጎንብሰው አብረውኝ ይፈልጉ ጀመር። እኔም እስኪያልቅ ፈለግሁ።