ብሪጁን ሳትለኩ አታስበሱ፦ ከተለቃቀመ ዕቃ ጊታር ስገጣጥም

የመጀመሪያዬን ኤሌክትሪክ ጊታር የገጣጠምኩት ከየቦታው በለቃቀምኩት ዕቃ ነው። አንገቱን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ በሻንጣ አመጣልኝ። ብሪጁ (ክሮቹ ታች ቦዲው ላይ የሚያርፉበት ብረት) እና አንዱ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው) ከተሰበረ የጃፓን ጊታር የተነቀሉ ናቸው። ሌላው ፒክአፕ የቻይና ነው። የድምፅ መጨመሪያውን መርካቶ ውስጥ ሬዲዮ ከሚጠግን ልጅ ገዛሁ። ቦዲው ዋንዛ ነው፤ ከአሮጌ የምግብ ጠረጴዛ የወጣ። ቆንጆ ሆኗል። የያዘው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እንጨቱ ነው። ግን አንዲት ነገር አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

እንዲህ ማድረግ የሚቻለው ለምንድን ነው? አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950 ገበያ ላይ ያወጣው ጊታር አንገቱ በኮላ የተጣበቀ አልነበረም፤ በአራት ቪቴ የታሰረ ነበር። በ1954 የመጣው ሌላው ጊታሩ ስትራቶካስተርም እንደዚያው። ስለዚህ የአንዱን አንገት ፈትቶ ሌላው ላይ ማሰር ይቻላል። የሮክ ጊታር ተጫዋቹ ኤዲ ቫን ሄለን ዝነኛውን ባለ መስመር ጊታሩን የሠራው ከተለያየ ቦታ በመጡ ዕቃዎች ነው። የኩዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች ብራያን ሜይ ደግሞ ከአባቱ ጋር ሆኖ የጊታሩን አንገት ያወጣው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ነው። የእኔ የምግብ ጠረጴዛ ከዚያ በምን ያንሳል?

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ ስፋቱ ወደ 56 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ ወደ 16 ሚሊ ነው። ጠበብ አድርጋችሁ አስቆርጡና በካርታ ቬትራ ቀስ እያላችሁ አስፉት። የሰፋ አይጠብም። ቪቴዎቹን ጧፍ ላይ አሽታችሁ አስገቡ፤ የሜፕል አንገት ጠንካራ ስለሆነ ደረቅ ቪቴ ውስጡ ይበጠሳል። ክሮቹ ራስጌ የሚያርፉበትን ጥርስ ከበሬ አጥንት ሠራሁት። ሥጋ ቤት በነፃ ሰጡኝ። ቀቅዬ፣ ስቡን አስወጥቼ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት። ቤታችን ቅቅል ቤት መስሎ ሰነበተ፣ ግን ከፕላስቲኩ በብዙ ይሻላል።

አሁን ወደ ብሪጁ።

ቦዲውን የቆረጠልኝ አናጢ ክራር የሚሠራ ሰው ነው። ጥሩ እጅ አለው፤ ይህን አልክድም። አንገቱንም ብሪጁንም ይዤለት ሄድኩ። ልኩን በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርቶን አወረደ። ከዚህ በፊት ለሌላ ደንበኛ ጊታር የሠራበት ልክ ነው። «ጊታር ያው ጊታር ነው፣ አታስብ» አለኝ።

ጊታር ያው ጊታር አይደለም። የፌንደር ዓይነቱ የክር ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው። የሌላው ትልቅ ጊታር ሠሪ፣ የጊብሰን ዓይነቱ፣ ወደ 628 ነው። የእኔ አንገት የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ካርቶኑ የተወሰደው ከሁለተኛው ነው። አንገቱ ቦዲው ላይ ከሚያልቅበት ጫፍ እስከ ብሪጁ ያለው ርቀት በሁለቱ መካከል በ6 ሚሊ ገደማ ይለያያል። ብሪጁ በዚያችው 6 ሚሊ ወደ አንገቱ ቀርቦ ተበሳ።

ክሩን ወጥሬ በስልኬ ስቃኘው ሁሉም ልክ ነው። ታች ታች ላይ ትዝታን ስጫወት እንኳ ያስኬዳል። ወደ ላይ ስወጣ ግን ጉድ ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ብረቶች አንዱ) ላይ ስይዘው፣ መስጠት ካለበት ኦክታቭ፣ ማለትም ከባዶው ክር እጥፍ ድምፅ፣ ከፍ ይላል፤ ከግማሽ ድምፅ አንድ ስድስተኛ ያህል። በወረቀት ሲጻፍ ትንሽ ይመስላል። ከኪቦርድ ጋር ስትጫወቱት ግን ሰው ዞር ብሎ ያያችኋል።

ተመልሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ብሪጁ ያለ ቦታው ነው የተበሳው።»

«ምን ያህል?»

«ስድስት ሚሊ።»

«ስድስት ሚሊ ምን ታመጣለች ልጄ! በመቃኛው ወጠር አድርገው።»

ይህን ያለው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ክራር ላይ ልክ ነው። ክራር ፍሬት የለውም። እያንዳንዱ ክር የየራሱን ድምፅ ይሰጣል፤ ክሩ ትንሽ ቢረዝም ቢያጥር በመቃኛው ታስተካክሉታላችሁ፣ አለቀ። ጊታር ላይ ግን ፍሬቶቹ ለአንድ ርዝመት ብቻ ተሰልተው የተተከሉ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ መዋል አለበት። በእኔ አንገት ከጥርሱ እስከዚያ 324 ሚሊ ነው። ስለዚህ ከዚያ እስከ ብሪጁም 324 መሆን ነበረበት። የእኔ 318 ነበር። መቃኛውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታዞሩ ይህ አይለወጥም። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳላመነኝ ግን ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ብሪጁ ላይ ክሩን ወደኋላ የሚስቡ ትንንሽ ቪቴዎች አሉ። እስከ መጨረሻው አዞርኳቸው። ቀጭኖቹ ክሮች ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። ወፍራሙ ግን ጭራሽ። ወፍራም ክር ግትር ስለሆነ ከሁሉም የበለጠ ወደኋላ መሳብ ይፈልጋል፤ ስፕሪንጉ ደግሞ ተጨምቆ አልቋል።

አናጢው ቀጥሎ ያመጣው ሐሳብ አንገቱን በ6 ሚሊ ወደ ውጭ ስቦ ክፍተቱን በእንጨት መሙላት ነበር። በሒሳብ ትክክል ነው። ሞከርነው። ቪቴዎቹ የአንገቱን ጠርዝ ብቻ ስለያዙ አንገቱ ግራ ቀኝ ይላል። አንድ ኮርድ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ከቅኝቱ ያወጣዋል። በዚያው እንድወስደው ግን ጠየቀኝ። እንቢ አልኩ።

በመጨረሻ እኔ መጀመሪያ ያልኩትን አደረግን። የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ከዚያው ጠረጴዛ በተረፈ ዋንዛ ደፈንናቸው፣ በኮላ አሳድረን እንደገና በሳን። ሳትደፍኑ ከጎኑ ብትበሱ ቪቴው ወደ ድሮው ቀዳዳ ይንሸራተታል። አሁን ልክ ነው። ግን ፒክአፑ የገባበት ጉድጓድ ከብሪጁ ፊት ትንሽ ብቅ ብሎ ይታያል። ቁራጭ ጥቁር ፕላስቲክ ለጠፍኩበት።

የሚያናድደኝ ሒሳቡ ነው። ለሁለተኛው መብሳት አስከፈለኝ። «ሥራ ሁለት ጊዜ ተሠራ አይደል?» አለኝ፤ የሰጠሁት ወረቀት ኪሱ ውስጥ እያለ። ዕቃዬ በእጁ ስለነበር ከፈልኩ። እስካሁን በዚያ ሰፈር ሳልፍ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ከብሪጁ ጋር የሚመጣው ወረቀት ከጥርሱ እስከ ብሪጁ 648 ለኩ ይላል። አትስሙት። የያዛችሁት አንገት የማን እንደሆነ ወረቀቱ አያውቅም። አንገቱን እሰሩ፣ ከጥርሱ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ለኩ፣ ያንኑ ልክ ወደ ብሪጁ ድገሙት። የቀጭኑን ክር ማረፊያ ወደ ፊት እስከሚችለው አስጠግታችሁ እዚያ ነጥብ ላይ አውሉት። ሌሎቹ ሁሉ የሚሄዱት ወደኋላ ብቻ ነውና ቦታ ያገኛሉ። ከመብሳታችሁ በፊት በሁለቱ ዳርና ዳር ክሮች ቦታ ላይ ፈትል ዘርግታችሁ በአንገቱ መሀል ቀጥ ብሎ መሄዱን እዩ። መብሻው ሲነሳ ደግሞ አጠገቡ ቁሙ። ቡና ጠጡና ተመለሱ ቢሏችሁ አትሂዱ።

ሽቦው ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ሁለቱ ፒክአፖች ለየብቻ ደህና ሆነው አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ከቀጠነና ባሱ ከጠፋ፣ ፋብሪካቸው ስለሚለያይ ፌዛቸው (የሞገዳቸው አቅጣጫ) ተቃርኖ ነው። የአንዱን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ፤ የብረት ክዳን ያለውን ግን አትንኩ። የድምፅ መጨመሪያው ለነጠላ ኮይል ፒክአፕ 250 ኪሎ ኦም፣ ለሀምበከር (ባለ ሁለት ኮይሉ) 500 ይሁን የሚባለውንም ብዙ አትጨነቁበት። እኔ ለሁለቱም ያገኘሁትን 500 አስገባሁ። ድምፁ ትንሽ ይስላል፤ ቶኑን ቀነስ ማድረግ ነው።

ከብሪጁ ሥር ወደ ግራውንድ የሚሄደውን ሽቦ ግን አትዝለሉ። ከሌለ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ቀኑን ሙሉ እምምም ይላል። ደግሞ ብዙ ቤት ሶኬቱ ኧርዝ የለውም። ክሩን ይዛችሁ ማይክ ስትጠጉ ከንፈራችሁን ከነዘራችሁ፣ ጊታሩን መነካካት ትታችሁ አምፑን ከሶኬት ንቀሉና መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።