እናቴ የፈረመችው ወረቀት

እዚህ አሜሪካ እናቴን ለስኳር ክትትሏ ወደ ክሊኒክ ይዣት በሄድኩበት ቀን እንግዳ ተቀባይዋ ብዕር በታሰረበት ሰሌዳ ላይ ጥቂት ገጾች አያይዛ ሰጠችን። «ምን ይላል?» አለችኝ እናቴ። «ምስጢርሽን ለማንም አንሰጥም ነው የሚሉት፤ እዚህ ጋ ፈርሚ» አልኳት። ፈረመች። ሐኪሙ ዘንድ ከገባን በኋላ ግን የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ እንጥራ ሲሏት «ድምፄን የሚያውቅ ሰው ቢሆንስ? እሑድ ቤተ ክርስቲያን በምን ዐይኔ አየዋለሁ?» ብላ እምቢ ስላለች ያስተረጎምኩላት እኔው ነኝ። አስተርጓሚውም እንደ ሐኪሙ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ብነግራት አልተቀበለችኝም።

ወረቀቱን ቤት ወስጄ ሳነበው የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን ተረዳሁ። ፊርማዋ «ማስታወቂያው ደርሶኛል» ከማለት አያልፍም፤ የፈቀደችውም የከለከለችውም ነገር የለም። ሂፓ በተባለው የ1996 የአሜሪካ ሕግ ሥር የወጣው ደንብ ለሕክምና፣ ለክፍያና ለተቋሙ ሥራ ማስኬጃ ሲባል የታካሚው መረጃ ፈቃዱ ሳይጠየቅ እንዲተላለፍ ይፈቅዳል። ክሊኒኩ ሒሳቡን ለመድን ሰጪው ሲልክ የእናቴ ስም፣ የልደት ቀኗ፣ የመድን ቁጥሯና የሁለተኛው ዓይነት ስኳር መለያ የሆነው «ኢ11» አብረው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ሒሳብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው ታካሚው ስማቸውን እንኳ ሰምቶ በማያውቃቸው አገናኝ ኩባንያዎች በኩል ነው።

ከግዙፎቹ አንዱ ቼንጅ ሄልዝኬር ነው። ራሱ ትልቅ መድን ሰጪ የሆነው ዩናይትድሄልዝ በ2022 ሊገዛው ሲል የፍትሕ ሚኒስቴር «የተፎካካሪዎቹን መረጃ የሚያይበት መንገድ ይከፈትለታል» በማለት ቢከስም ፍርድ ቤቱ ሽያጩን አላገደም። በፌብሩዋሪ 2024 ብላክካት የተባሉ የኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች የቼንጅን ሥርዓት ቆለፉት፤ በመላ አገሪቱ ያሉ ፋርማሲዎችም በመድን የሚከፈልበትን መድኃኒት ለማስተናገድ ተቸገሩ። የዩናይትድሄልዝ ኃላፊ የነበሩት አንድሩ ዊቲ ሴኔት ፊት ቀርበው እንደተናገሩት ሌቦቹ የገቡት ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ በማይጠይቅ በር ነበር። (የእኔ ባንክ ያለችኝን ጥቂት ዶላር ለማሳየት እንኳ በስልኬ ኮድ ሳይልክ አያስገባኝም።) 22 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ በቢትኮይን ተከፈላቸው፤ መረጃቸው የተነካባቸው ሰዎች ቁጥር ግን ወደ 190 ሚሊዮን ደረሰ፤ ይህም ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ ነው።

ከ2013 ጀምሮ የሚሠራ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መብት አለ፤ ለአንድ ሕክምና ሙሉውን ዋጋ ከኪሱ የከፈለ ታካሚ የዚያ ሕክምና መረጃ ለመድን ሰጪው እንዳይላክ ቢጠይቅ ክሊኒኩ መቀበል አለበት። ኪስ ላለው ጥሩ መብት ነው፤ መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው መድን፣ በሜዲኬድ፣ ለምትታከመው እናቴ ግን የሚፈይደው ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ቡና እያፈላች በሰፊው አስረዳኋት። ጀበናውን ከምድጃው አንሥታ አሰበችና «ሌቦቹ ሐበሻ ናቸው?» አለችኝ።

«አይደሉም» አልኳት።

«እንግዲያውስ ይወቁት» ብላ ሲኒውን አቀበለችኝ።