የማሙሽ እናት አጥሚት

እማዬ ሦስተኛውን ዙር የካንሰር ሕክምና፣ ኬሞውን፣ ጨርሳ ቤት የገባችው ሐሙስ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል አልረጋላትም። ዛሬ ጠዋት «ዓሣ አማረኝ» ስትል ደስታዬ ወሰን አጣ። ዝናቡ ሳይጠነክር በባጃጅ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ደረስኩ። ገበያው ጭቃ በጭቃ ነው። አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን ሰብስበው የዓሣ ራስ የሚወረውርላቸው ይጠብቃሉ። ሁለት ቆሮሶ አስጸድቼ፣ ሎሚና ቃሪያ ገዝቼ ተመለስኩ።

ሾርባው ሲደርስ አንድ ማንኪያ ዋጠች። ሁለተኛውን አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ባልዲውን አቀረብኩላት።

ማታ የተቀመጥኩት ስለ ገብርኤል ልጽፍ ነበር። ሐዋሳ ከመጣች ጀምሮ የሐምሌ 19 ንግሥ አምልጧት አያውቅም። ዘንድሮ አልጋዋ ላይ ሆና፣ ከሩቅ የሚሰማውን እልልታ በጣቷ ብርድ ልብሱን እየነካካች አዳመጠች። ግን ከትናንት ሌሊት ጀምሮ ሌላ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ትናንት እህቴ ከዴንቨር ደወለች። እዚህ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ እዚያ ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ስለ ትውከቱ ነገርኳት። ዝም አለች። «እማዬ እዚህ ብትሆን፣ ሌላው መድኃኒት ሁሉ አልሠራ ቢል ሐኪሟ አንድ ክኒን ሊያዝላት ይችል ነበር» አለችኝ። «ከምን የተሠራ?» አልኳት። «ሀሺሹ ውስጥ ካለው ነገር» አለች፣ ድምጿን ቀንሳ። ኮሎራዶ ተቀምጣ እኮ ነው ድምጿን የምትቀንሰው።

ይቺ እህቴ እዚያ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2012 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ለአዋቂ ሁሉ ሲፈቅድ፣ ደውላ ያለቀሰች ናት። «ልጆቼን የት ላሳድግ?» ብላ። ሱቆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ሲከፈቱ መንገድ ቀይራ ነበር ወደ ሥራ የምትሄደው። ዛሬ ለታማሚው መድኃኒቱን፣ ለልጇ ምክሩን ለይታ ትናገራለች። ለልጇ አሁንም «እንዳትነካው» ነው የምትለው። ልክ ናት። በለጋ ዕድሜ አዘውትሮ ማጨስ ለአእምሮ ሕመም የመጋለጥ ዕድልን እንደሚጨምር በብዙ ጥናት ታይቷል።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እስኪነጋ ሳነብ አደርኩ። ዋናውን የሚያሰክረውን ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚሉትን፣ ለይተው ያወጡት ራፋኤል መሹላምና ባልደረባው ናቸው፤ እስራኤል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1964። እህቴ ያለችው ክኒን ድሮናቢኖል ይባላል። ቲኤችሲውን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርተው ነው ክኒን የሚያደርጉት። አሜሪካ የኬሞን ትውከት እንዲያስታግስ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በ1985! እኔ ገና ዳዴ ስል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከዚሁ ተክል የሚወጣ፣ የማያሰክር ዘይት፣ ከባድ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕፃናት ተፈቅዷል። በዲሴምበር 2020 የተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ኮሚሽን 27 ለ25 በሆነ ድምፅ፣ ካናቢስን፣ ማለትም ይህንኑ የሀሺሽ ተክል፣ ከሄሮይን ጋር ከተቀመጠበት እጅግ ጥብቅ መዝገብ አወጣው። በሁለት ድምፅ ብልጫ። ከቁጥጥር ግን አልወጣም። ሌላኛው መዝገብ ላይ አሁንም አለ።

ካንሰርን ያድናል እያሉ በቲክቶክ የሚለፍፉትንም አየሁ። አናደዱኝ። ካንሰርን እንደሚያድን ማስረጃ የለም። የጨነቀው ሰው ማንንም ያምናል፤ ይህን እያወቁ ያታልሉታል። እኔ የምፈልገው እናቴ ሾርባዋን ሳትመልስ እንድትውጥ ብቻ ነው።

በእኛ ቤት ሀሺሽ የሚባለው ቃል በሹክሹክታ ነበር የሚነገረው። ልጅ ሆነን ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር ጋ ስንደርስ እማዬ «መስኮቱን ዝጉ» ትል ነበር። ሙቀቱ እየገደለን እንዘጋለን። ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት እኮ። ጃንሆይ መሬት የሰጧቸው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከእኛ ጎን ለቆሙት በባሕር ማዶ ያሉ ጥቁሮች መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የሀሺሹ ቅጠል ለሰፈሩ ራስታዎች የጸሎት ነገር መሆኑንም እንዲሁ።

ጫት ግን በሹክሹክታ አልነበረም። አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በለጬውን በኮባ ተጠቅልሎ ያስመጣል፣ እኛ ኦቾሎኒ እናቀርባለን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በዓለም አቀፉ ስምምነት በጥብቁ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ቅጠሉ ግን አልሰፈረም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ቅጠሉንም ከለከለች። ይሄኛው ይታገድ፣ ያኛው ይፈቀድ እያልኩ አይደለም። ግን የቱን ቅጠል መፍራት እንዳለብኝ ማን እንደነገረኝ ሳስብ፣ አንዱንም ራሴ አጣርቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ነው የጎረቤታችን ልጅ ማሙሽ የሚመጣብኝ።

የሰፈር ሰው ታሪኩን ያውቃል። ጥቁር ውሃ ኬላ ላይ ነው የተያዘው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል ኪሱ ውስጥ ተገኝቶ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525። ሁለት ክረምት ታሰረ። ሲወጣ ቀድሞ የሚነዳውን ባጃጅ ማንም አልሰጠው አለ። አሁን የት እንዳለ እናቱም በደንብ አታውቅም።

በታሰረ ሰሞን እኛ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ሁለተኛው ላይ፣ አቦል ጠጥተን ቶና ስንጠብቅ፣ «የዘራውን ነው ያጨደው» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እናቱ በሩ ላይ ነጠላዋን እያስተካከለች ልትገባ ነበር። ሰምታ ይሁን ሳትሰማ አላውቅም። ገባች፣ «እንደምን ዋላችሁ» አለች፣ ተቀመጠች፣ ቶናውንም በረካውንም ጠጥታ ሄደች።

እማዬ ከታመመች ጀምሮ እትዬ፣ የማሙሽ እናት፣ በየጠዋቱ አጥሚት ይዛ ትመጣለች። በፔርሙዝ ነው የምታመጣው፤ ክዳኑ ስለተሰበረ አፉን በፌስታል ወጥራ ታስረዋለች። የእማዬን ባልዲ ከእጄ ትቀማኛለች። «አንቺ እረፊ፣ ልጄ» ትለኛለች። ጓሮ ወስዳ በአመድ ፈትጋ፣ አጥባ፣ ደፍታው ትሄዳለች። እኔ ሲያቅለሸልሸኝ እሷ ፊቷን እንኳ አታጨፈግግም።

ሌሊቱን ሙሉ ያነበብኩት በሙሉ ዓመታት ያለፈው ነገር ነው። ክኒኑ 1985፣ ዴንቨር 2012። አፍሪካም ውስጥ ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና እንዲመረት ፈቃድ ሰጥታለች። ማሙሽ ሲታሰርም ይህን ለማንበብ ስልክ ነበረኝ። ግን ያኔ የሚያስመልሳት የእኔ እናት አልነበረችም። ማሙሽ ያጨስ የነበረው ለሕመም ነው አልልም። ለምን እንደሚያጨስ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። አባቱ የሞተው በዚያው ዓመት ነበር፤ ይህን አሁን ስጽፍ ነው ያስታወስኩት።

ሐሳቤ የተለወጠው ስላወቅኩ ነው ወይስ ስለቸገረኝ? የጎረቤት ልጅ ሲሆን ወንጀል፣ የእኔ እናት ስትሆን መድኃኒት?

እማዬ ተኝታለች። ነገ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ይንኳኳል፣ ፔርሙዙ በፌስታል ታስሮ። ያን ቀን ሰምታኝ ከሆነ ይቅርታ ልጠይቃት እፈልጋለሁ። ካልሰማችኝ ደግሞ፣ ዛሬ ነግሬ አዲስ ቁስል ልሆንባት ነው። ምን ብዬ ልጀምር?